እኔ ስቆም ሰዓቱ አልቆመም

የተሸነፍሁት ደክሞኝ እንደሆነ ይነገራል። ሊያጽናናኝ የፈለገ ሁሉ «ጾሙ አለ፣ መንገዱ አለ፣ በዚያ ላይ የቀኑ ሦስተኛ ጨዋታሽ ነው፤ ማን ይችለዋል?» ይለኛል። ደክሞኝ ነበር፤ አልክድም። የተሸነፍሁት ግን ቆሜ ነው። ከወንበሬ ተነሥቼ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ ቀኝ እጄን ለሰላምታ ሰጥቼ፣ የገዛ ሰዓቴ ሲያልቅ በዓይኔ እያየሁ ተሸነፍሁ።

ዓመት አልፎታል፤ ንዴቱ አልበረደልኝም። ብናገረው ይወጣልኝ ይሆን ነበር። ነገር ግን ሰው በተሰበሰበበት መናገር አይሆንልኝም። ክፍል ውስጥ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የማስተምረው ጀርባዬን ለተማሪዎቼ ሰጥቼ፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ እየጻፍሁ ነው። ስለዚህ ይህንንም እጽፈዋለሁ።

ይጁቤ በምትባል ትንሽ የወረዳ ከተማ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ቼዝ የተማርሁት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ አንድ ዶርም አብራኝ ከምትኖር ልጅ ነው። ተመርቀን ስንለያይ መጫወቻዋን ይዛ ሄደች፤ ለእኔ ፎቶ ኮፒ የተደረጉ፣ ጠርዛቸው የተበላ ገጾች ተወችልኝ። ገጾቹ የሚናገሩት ስለ ጨዋታ መጨረሻ ብቻ ነው፤ አብዛኛው ተበልቶ ካለቀ በኋላ፣ ሰሌዳው እንደ ታጨደ ማሳ ራቁቱን ሲቀር ስለሚሆነው። መንገድ ተዘግቶ፣ ኢንተርኔት ጠፍቶ፣ እኛም ተማሪዎቻችንም ቤታችን በተቀመጥንባቸው ወራት እነዚያን ገጾች እየደጋገምሁ አጠናሁ። ሌላ የማነበው አልነበረኝም።

ከሁሉ የወደድሁት አንድ ገጽ ነበር። ተጋጣሚዬ ንጉሥ፣ ግንብና አንድ ወታደር ቀርቶታል፤ ለእኔ ንጉሥና ግንብ ብቻ። ወታደሩ እስከ መጨረሻው ረድፍ ከደረሰ ንግሥት ይሆናል፤ አለቀልኝ ማለት ነው። ለሚያየው ሰው የሞተ ጨዋታ ይመስላል። ገጹ ግን አልሞተም ይላል። ንጉሤን ወታደሩ ሊደርስበት ካሰበው ቦታ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ግንቤን ደግሞ ከእኔ በኩል ሲቆጠር ሦስተኛው ረድፍ ላይ እንደ አጥር አቆመዋለሁ። አጥሩ እስካለ ድረስ የእሱ ንጉሥ አልፎ ሊመጣብኝ አይችልም፤ የእኔ ሥራ ግንቤን በዚያው ረድፍ ወዲያና ወዲህ ማመላለስ ነው። አጥሩን ለማፍረስ ወታደሩን ወደዚያ ረድፍ መግፋት አለበት። ሲገፋው ግን ንጉሡ ሊጠለልበት የነበረውን ቦታ በገዛ ወታደሩ ይዘጋዋል። ያን ጊዜ ግንቤ አጥሩን ትቶ እስከ ሰሌዳው ማዶ ይሮጥና ከኋላ እየመጣ «ቼክ፣ ቼክ»፣ ንጉሥህን አሽሽ፣ ይለዋል። ንጉሡ የትም ቢሄድ መደበቂያ አያገኝም። አቻ ነው። ተጋጣሚዬ የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆን አያሸንፈውም።

ይህን ጨዋታ የምወደው ጩኸት ስለሌለው ነበር። ቦታህን ይዘህ ዝም ትላለህ፤ ዝምታህ ያድንሃል።

ባለፈው ዓመት በሁዳዴ ደብረ ማርቆስ ላይ የዞኑ ውድድር ተደረገ። ከየወረዳው ከመጣነው የሚበልጡት አምስቱ ዞኑን ወክለው ወደ ክልል ይሄዳሉ። ሴቶች ስላነስን የብቻ ምድብ አልተደረገልንም፤ ሌሎቹ ሲቀሩ እኔ ከወንዶቹ ጋር ተቀላቅዬ ተጫወትሁ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጨዋታ፣ በሁለተኛው ቀን ሦስት። ሁለተኛውን ቀን ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ፣ ከይጁቤ በሚኒባስ በሰው ጉልበት መካከል ተጣጥፌ መጣሁ። ጠዋት አንዱን አሸነፍሁ፣ አንዱን አቻ ወጣሁ። የመጨረሻው ጨዋታ ስምንት ሰዓት ላይ ሲጀመር ከትናንት ወዲህ እህል አልቀመስሁም ነበር፤ የምጾመው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ነጥቡን ጠዋት አስልቼዋለሁ። ግማሽ ነጥብ ይበቃኛል። አቻ ከወጣሁ አምስተኛ ነኝ፤ ከተሸነፍሁ ቀረሁ። ያንን ቦታ ምን ያህል እንደፈለግሁት ለማንም አልተናገርሁም። ሥራ ሳገኝ አጎቴ ተናግሮልኛል፤ ቤት ስከራይ እናቴ ተናግራልኛለች። ይህ ግን ማንም ሳይናገርልኝ፣ እኔም ሳልናገር፣ በእጄ ብቻ የማገኘው ነገር ነበር።

ተጋጣሚዬ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። በዕድሜ አባቴን ያህላል፤ ሰው ሁሉ ጋሼ ይለዋል፣ እኔም ጋሼ እለዋለሁ። ፊት ለፊት ስናገረው «እርስዎ» ነው። እዚህ ግን «አለ»፣ «ሄደ» እያልሁ እጽፈዋለሁ። ወረቀቱ የኔ ነው።

በጨዋታው መካከል በስህተት አንድ ወታደር አስበላሁ። ስህተቴን ላርም ስል ሰዓቴን ፈጀሁት። የተሰጠን አንድ አንድ ሰዓት ነበር፤ ተጫውተህ ሰዓቱን ስትመታ ያንተ ቆሞ የተጋጣሚህ መቁጠር ይጀምራል፤ ያለቀበት ይሸነፋል። ስድስት ደቂቃ ሲቀረኝ ቀና ብዬ ሰሌዳውን ባየው ያ ገጽ ነበር። ንጉሥ፣ ግንብ፣ አንድ ወታደር፤ የኔ ንጉሥና ግንብ። ልክ እንደ ፎቶ ኮፒው። ልቅሶ ያዘኝ ማለት ይቻላል፤ የማውቀው ሰው ደጅ ላይ የቆመ መሰለኝ።

ማወቅ ግን ለብቻው አይበቃም። ሰው ሲደክመው መጀመሪያ የሚከዳው ዓይኑ ነው። ረድፎቹ ይደራረቡብኝ ጀመር፤ ሦስተኛው ሁለተኛ፣ ሁለተኛው ሦስተኛ ይመስለኛል። ግንቤን አንድ ጊዜ ባሳስተው፣ አንድ ረድፍ ባወርደው፣ አለቀ። ስለዚህ ግንቡን ባነሣሁ ቁጥር በልቤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያልሁ እንደ ሕፃን እቆጥር ነበር። መቁጠሩ ደግሞ ሰዓት ይበላል። አፌ ደርቋል። የአዳራሹ ቆርቆሮ በመጋቢት ነፋስ ይንኳኳል። እሱ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነበረው። ንጉሡን ወደ ቀኝ ይወስዳል፣ ወደ ግራ ይመልሳል። ግንቡን ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ምንም የሚያመጣው ነገር እንደሌለ ከእኔ እኩል ያውቃል። የሚጠብቀው ሰዓቴን ነው።

አራት ደቂቃ ሲቀረኝ፣ «ጋሼ፣ አቻ ይሁን?» አልሁት።

አልሰማኝም፣ ወይም እንዳልሰማ ሆነ። ደገምሁት።

ዙሪያችንን የቆሙትን ሰዎች ቃኘና፣ «አቻ ለጋብቻ ነው እታለም» አለ። «እዚህ ጨዋታ ላይ ነን።»

ሳቁ። «ሽማግሌ ይላክላት እንዴ?» አለ ከኋላዬ አንዱ።

«ኧረ እሷ ናት የላከችው!» አለ ሌላው።

እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። አቻ ማለት እኩል ማለት ነው። ከእሱ እኩል መሆኔን ሰሌዳው እየተናገረ፣ ቃሉን ከአፌ ቀምተው የሰርግ ጨዋታ አደረጉት።

አዳራሹ በር ላይ የውድድሩ ደንብ ተለጥፏል። ከሁለት ደቂቃ በታች የቀረው ተጫዋች፣ ተጋጣሚው ሰዓት ለማስጨረስ ብቻ እየተጫወተ ነው ብሎ ካመነ ሰዓቱን አቁሞ ዳኛ መጥራት ይችላል ይላል። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ዳኛው በእኔ ዕድሜ ያለ የስፖርት መምህር ነው፤ ከወንበሬ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሟል። ማለት ያለብኝን አዘጋጀሁ፦ «ዳኛ፣ አቻ እጠይቃለሁ።» ሦስት ቃል። አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሲቀረኝ ልለው ነበር። አንድ ደቂቃ ከሠላሳም ልለው ነበር። ግን እጄን አንሥቼ፣ ሰዓቱን አቁሜ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ጋሼ የሚጫወቱት ለሰዓቱ ነው» ማለት ነውር ሆነብኝ። ለእሱ ነውር ያልሆነው ለእኔ ነውር ሆነ! እጄ ብቻ ይሠራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ወዲያ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ወዲህ።

በመጨረሻ መጠበቁ ሰለቸው መሰለኝ፣ ወታደሩን ገፋው። የጠበቅሁት ይህን ነበር። ግንቤን ከአጥሩ አንሥቼ እስከ ሰሌዳው ማዶ ወሰድሁት። ከዚያ በኋላ መቁጠር አያስፈልግም፤ እጄ በራሱ ሄደ። ቼክ። ንጉሡ ሸሸ። ቼክ። ሸሸ። እኔ በአንድ ሴኮንድ እጫወታለሁ፤ እሱ አሁን ማሰብ ጀምሯል፤ ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ። ዳኛውም ቀረብ ብሎ ያየን ጀመር። አርባ አንድ ሴኮንድ ነበረኝ፤ በዚያ አካሄድ አርባ ጊዜ ቼክ ማለት እችላለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ንጉሡን አነሣና አስቀመጠ፣ ሰዓቱን መታ። የእኔ ሰዓት መቁጠር ጀመረ። የአዳራሹ በር ተከፈተ።

«ኖር!» አለ ጋሼ፣ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ከወንበሩ እየተነሣ።

የገቡት ሽልማት እንዲሰጡ የተጋበዙ አዛውንት ናቸው። ጋቢያቸውን ደርበዋል፣ ጭራቸውን ይዘዋል፤ የቅኔ ሰው እንደሆኑ አገር ያውቃል። የሌላው ሰው ጨዋታ ሁሉ አልቆ ነበር፤ የቀረው የእኛ ብቻ ነው። አዳራሹ በአንድ ላይ «ኖር! ኖር!» እያለ ተነሣ።

«በእግዜር! በእግዜር ልጆቼ፣ ተቀመጡ!» አሉ።

ማንም አልተቀመጠም። ተቀመጡ ስለተባለ የሚቀመጥ ማን አለ? ታላቁ ሰው እስኪቀመጥ መቆም ነው። እኔም ቆሜአለሁ። መቼ እንደተነሣሁ አላውቅም። ግንቡን አስቀምጬ፣ ቼክ ብዬ፣ ሰዓቱን መትቼ መነሣት እችል ነበር፤ ሁለት ሴኮንድ አይፈጅም። ሌሊት ሌሊት ይህንን ሁለት ሴኮንድ አስበዋለሁ። ጉልበቴ ግን አላማከረኝም። «ኖር» ሲባል የሚነሣ ጉልበት ነው፤ ቆሜ መሄድ ከመጀመሬ በፊት አንሥቶ ይህንን ነው የተማረው።

ቆሜም ቢሆን እጄን ዘርግቼ መጫወት እችል ነበር። ነገር ግን አዛውንቱ ዓይናቸውን ወርወር ሲያደርጉ በአዳራሹ ውስጥ ያለችውን አንዲት ሴት አዩ። በቀጥታ ወደ እኔ መጡና ቀኝ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎ እንደምን ዋሉ?»

«ደኅና ነሽ? ቤተ ሰቡስ ሁሉ ደኅና?»

«ደኅና ናቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«አገርሽ ወዴት ነው?»

«ይጁቤ።»

«ይጁቤ! የማን ልጅ ነሽ?»

በትከሻቸው በኩል ሰዓቱ ይታየኛል። ሃያ ሁለት። ሃያ አንድ። የአባቴን ስም ነገርኋቸው። ደስ አላቸው፤ አያቴን ያውቁታል፤ በዘመድ ሊያገናኙን ጀመሩ። ግራ እጄ ነፃ ነበር። ታላቅ ሰው ቀኜን ይዘው ሰላም ሲሉኝ በግራ እጄ ከጀርባቸው ግንቤን ማንሣት! አልሆነልኝም። አሥራ አንድ። ዳኛውን አየሁት፤ እሱም እጁን አጣምሮ፣ አንገቱን ሰብሮ ቆሟል። አምስት። ጋሼን አየሁት። እሱም ቆሟል፤ ዓይኑ ግን አዛውንቱ ላይ አልነበረም።

«ሰዓት» አለ።

ለእኔ የጎደለኝ ሦስት ቃል ነበር፤ እሱ በአንድ ጨረሰው።

አዛውንቱ እጄን ሳይለቁ ዘወር ብለው ምን እንደሆነ ጠየቁ። አንዱ አስረዳቸው፤ እርስዎን ስትቀበል ሰዓቷ አለቀ፣ ተሸነፈች ብሎ። ራሳቸውን ነቀነቁና ወዲያው ፈገግ አሉ። «ኖር ብላ እኔን አኖረች፣ ንጉሥዋን ግን ቀበረች» አሉ። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ፈረሰ። ጥሩ አባባል ነበር፤ ቆይቼ ሳስበው እኔም አደነቅሁት። ነገር ግን እዚያ ቆሜ፣ የሁለት ቀን ድካሜ በአንድ ቤት ግጥም ተጠቅልሎ ለሰው ሁሉ ሲታደል፣ ሰሌዳውን ገልብጬ መውጣት አማረኝ። አልገለበጥሁም። ፈገግ አልሁ።

ጋሼ እጄን ጨበጠኝ። «ያሳደገሽ ይባረክ እታለም፤ ጨዋ ልጅ ማለት እንዲህ ናት» አለ። የቤተ ክህነት ሰዎች ያልተማረውን ሰው ጨዋ ይሉታል። ያን ቀን በሁለቱም ትርጉም ጨዋ ነበርሁ።

ዳኛው የውጤቱን ወረቀት አመጣ። «እዚህ ጋ ፈርሚ።»

«ቆሜ እኮ ነው» አልሁት፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

«አውቃለሁ እህቴ። ግን ሰዓቱን ማስቆም የአንቺ ፋንታ ነበር።»

አንተስ የት ነበርህ? ልለው የፈለግሁት ይህንን ነው። ሰዓቱን እንድታይ የተመደብህ አንተ፣ ከእኔ ጋር እኩል አንገትህን ሰብረህ መሬት መሬት ታይ አልነበረም? እስክሪብቶውን ተቀብዬ ፈረምሁ። ፊርማዬን እስከ ዛሬ የምጠላው ለዚህ ነው። ባልፈርም ኖሮ አቤቱታ ማስገባት እችል ነበር፤ ደንቡ ይፈቅዳል፤ እሱንም አንብቤዋለሁ።

ይህ ሁሉ ሳይበቃ የጸባይ ዋንጫ ሰጡኝ። ትንሽ፣ ወርቅ የተቀባ ፕላስቲክ ናት። በድምፅ ማጉያው ጠሩኝ፤ አዛውንቱ ፊት ቀርቤ፣ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልሁ። እናቴ ቡፌው መካከል፣ ከብርጭቆዎቹ ፊት አስቀምጣታለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ከወንዶች ጋር ተጫውታ ያገኘችው ነው» ትላለች። እንዲያው ደስታዋን ላለመንካት ዝም እላለሁ፤ ቡፌውን ግን አላይም። አምስተኛው ቦታ ላይ ጋሼ ሄደ።

አዛውንቱን አልቀየምኋቸውም። ሰላም ያሉኝ ከልባቸው ነው። ተቀመጡ ብለውም ነበር። ጋሼንም ቢሆን ቀድሞ የተነሣው አውቆ ነው ብዬ አልምልም፤ የእሱም ጉልበት እንደ እኔው የተማረ ነው። «ሰዓት» ያለው ግን አውቆ ነው። እሱ የተነሣው በእኔ ሰዓት ነው፤ ለታላቅ ሰው የተሰጠው ክብር በሙሉ ከእኔ አርባ አንድ ሴኮንድ ተከፈለ። አክብሮቱ የሁላችንም ከሆነ ለምን ለብቻዬ ከፈልሁት? ይህንን ጥያቄ አንድንም ሰው በአፌ አልጠየቅሁም።

ዘንድሮ ውድድሩ እንደገና ተጠራ። ለመመዝገብ ደብረ ማርቆስ ሄድሁ። ያው አዳራሽ፣ ያው በር፣ ያው ዳኛ። ከምዝገባው በፊት ሁሉም ደንቡን አንብቦ እንዲፈርም ታዟል፤ ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱ ተዘርግቶ ሰልፍ ተሰልፈናል። ተራዬ ደርሶ አነበብሁት። በመጨረሻ በእጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ተጨምሮበታል፦ «በጨዋታ ላይ ያለ ተጫዋች፣ እንግዳ በሚገባበት ጊዜ ከወንበሩ መነሣት የለበትም።»

«የአንቺ ሕግ ናት» አለኝ ዳኛው፣ ውለታ የዋለልኝ ያህል ፈገግ እያለ።

«የይጁቤዋ ሕግ!» አለ ሰልፉ ውስጥ ያለ አንዱ።

ከኋላዬ ጋሼ ነበር። በትከሻዬ በኩል አነበበና ሳቀ። «እንግዲህ ዘንድሮ ቁጭ ብለሽ ትሸነፊያለሽ፣ እታለም።»

ሳቁ። ዓመት ሙሉ የያዝሁት ንዴት በዚያች መስመር ላይ ተደፋ። ጥፋቱ የመነሣቴ ሆነ ማለት ነው! እኛ አገር አንድ ሽማግሌ በበሩ ገብቶ ማን ቁጭ ብሎ ሊቀር ነው? ይህን የጻፈው ዳኛ ራሱ ሊቀመጥ ነው? ነገ አዛውንቱ ሲመጡ እንነሣለን፤ ጉልበታችን ደንብ አያነብም። ከተነሣን በኋላ ደግሞ እንደገና የአንዳችን ሰዓት ይቆጥራል፤ በዚህኛው ጊዜ ደግሞ ደንብ የጣሰች ትባላለች።

ይህን ሁሉ መናገር ነበረብኝ። በመናገር ፋንታ ግንባሬ ላይ ላብ እየወጣ ጎንበስ አልሁና፣ ዳኛው ከጻፈው መስመር ሥር ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደምጽፈው አድርጌ፣ በጉልህ ፊደል «ሰው ሲቆም ሰዓቱም ይቁም» ብዬ ጻፍሁ። ሥሩ ላይ ፈረምሁ።

«ኧረ ምንድን ነው የምታደርጊው?» አለ ዳኛው። «ይሄ እኮ የጸደቀ ነው።»

የሚቀጥለው ፈራሚ ጋሼ ነበር፤ የጻፍሁትን ደጋግሞ ያነብ ነበር፤ አሁን አይስቅም። እኔ ከጠረጴዛው ፈቀቅ አልሁና እስክሪብቶውን በአንድ እጄ ዘረጋሁለት።